ታይመሩ ሰከንድ አይቁጠር፣ ሰዓት ይጠይቅ

ጥያቄው ባጭሩ ይሄ ነው። ጠያቂዋ ሐዋሳ፣ አቶቴ ሰፈር ነው የምትኖረው፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት። ማታ ማታ ታናሽ ወንድሟንና ስድስት ጓደኞቹን ሳሎን ሰብስባ ለ12ኛ ክፍል ፈተና ታለማምዳቸዋለች። አሮጌ ላፕቶፕ አላት፣ ኡቡንቱ (እንደ ዊንዶውስ ያለ፣ የሊኑክስ ዓይነት ሥርዓት) ተጭኖበታል፣ በኤችዲኤምአይ ገመድ ከቲቪው ጋር ተገናኝቷል። ተርሚናል (ትዕዛዝ በጽሑፍ የሚሰጥበት መስኮት) ላይ ከ2 ሰዓት ጀምሮ ወደ ታች የሚቆጥር ታይመር በባሽ፣ ማለትም በተርሚናሉ የትዕዛዝ ቋንቋ፣ ጽፋለች። እንዲህ ትላለች፦ «ከስልኬ ጋር ሳስተያየው መጨረሻ ላይ ወደ 40 ሰከንድ ይዘገያል። ሲያልቅ አካባቢ ከ10 ቀጥሎ 9 ማለት ሲገባው 90 ይላል። 07 ደቂቃ ብዬ ስሰጠው ይሰራል፣ 08 ስለው ኤረር ያወጣል። የባሰው ደግሞ ባትሪው ስለሞተ መብራት ሲጠፋ ላፕቶፑም አብሮ ይጠፋል፣ ሲመለስ ታይመሩ ከ2 ሰዓት እንደ አዲስ ይጀምራል። ምን ላድርግ?»

ሰላም እህቴ። የጠቀስሽው አራት ችግር ነው፣ ግን ሁለቱ ትልልቆቹ አንድ እናት የወለደቻቸው ናቸው። የ40 ሰከንዱ መዘግየትና መብራት ሲጠፋ እንደ አዲስ መጀመሩ ማለቴ ነው። ታይመርሽ መቼ እንደሚያበቃ አያውቅም። የሚያውቀው ስንት እንደቀረው ብቻ ነው፣ እሱንም ራሱ እየቆጠረ ነው የሚይዘው።

ልጆች ድብብቆሽ ሲጫወቱ አንዱ ፊቱን ግድግዳ ላይ ደፍቶ እስከ መቶ ይቆጥራል አይደል? የሱ መቶ ግን የሰዓት መቶ ሰከንድ አይደለም። መሀል ላይ ከጠራሽው ደግሞ የት እንደደረሰ ይጠፋበትና ከአንድ ይጀምራል። ያንቺ ስክሪፕት (ትዕዛዞቹን የጻፍሽበት ፋይል) ያ ልጅ ነው። ግድግዳው ላይ ሰዓት ተሰቅሎ እያለ እሱ ዓይኑን ጨፍኖ ይቆጥራል።

ከመቀጠሌ በፊት፣ የትዕዛዞቹን ስም እንደምንጠራቸው በፊደላችን ነው የምጽፈው። ስክሪፕቱን ራስሽ ስለጻፍሽው የትኛው የትኛው እንደሆነ ወዲያው ይገባሻል።

መጀመሪያ 40 ሰከንዱ ከየት እንደመጣ እንይ። ሉፕሽ (እየተደጋገመ የሚዞረው ክፍል) ውስጥ ቁጥሩን ታሳያለሽ፣ ስሊፕ 1 ትያለሽ፣ ከቁጥሩ ላይ አንድ ትቀንሻለሽ፣ ትመለሻለሽ። ስሊፕ 1 ማለት ግን «ልክ 1 ሰከንድ ተኛ» ማለት አይደለም፣ «ቢያንስ 1 ሰከንድ ተኛ» ማለት ነው። በዛ ላይ ስሊፕ ባሽ ውስጥ ያለ ነገር አይደለም፣ ራሱን የቻለ ሌላ ፕሮግራም ነው፣ ስለዚህ በየዙሩ ባሽ አዲስ ፕሮሰስ ያስነሳል፣ እሱ ይተኛል፣ ይነቃል፣ ይሞታል፣ ባሽ መሞቱን ያያል፣ ከዛ ነው ወደሚቀጥለው መስመር የሚሄደው። ይሄ ሁሉ ጥቂት ሚሊሰከንድ ይበላል። 2 ሰዓት 7,200 ሰከንድ ነው። በየዙሩ 5 ሚሊሰከንድ ተኩል ብቻ ቢባክን በ7,200 ዙር ወደ 40 ሰከንድ ይሆናል። ያየሽው ቁጥር ይሄው ነው። ላፕቶፕሽ ምንም አልሆነም፣ ዝም ብሎ ሲጠራቀም ነው። ቫይረስ ይሆን እንዴ ብለሽ ፎርማት ለማድረግ እንዳትነሺ።

አንዳንድ ሰው ስሊፕ 1 የሚለውን 0.995 ያደርገዋል። አታድርጊው። ዛሬ ልክ ቢመጣልሽ ነገ ብሮውዘር ከፍተሽ ማሽኑ ሲጨናነቅ ወይ ስክሪፕቱን ሌላ ላፕቶፕ ላይ ስትወስጂው ይዛባል።

ትክክለኛው መንገድ መቁጠሩን እርግፍ አድርጎ መተው ነው። ስክሪፕቱ ሲጀምር አንድ ጊዜ ብቻ ሰዓቱን ይጠይቅ፣ 7,200 ይደምርበትና «ማብቂያ» ብሎ ያስቀምጠው። ከዛ በኋላ በየዙሩ የሚሰራው አንድ ስሌት ነው፦

ቀሪ = ማብቂያ − አሁን

«አሁን» የሚለውን ከየት ታገኛለሽ? ዴት የሚለውን ትዕዛዝ ፕላስ፣ ፐርሰንት፣ ትንሿ ኤስ ብለሽ ስትጠሪው አንድ ረጅም ቁጥር ይሰጥሻል። ያ ቁጥር በፈረንጆች ጥር 1 ቀን 1970፣ በግሪንዊች እኩለ ሌሊት ከሆነበት ቅጽበት ጀምሮ ያለፈው ሰከንድ ነው። በኛ አቆጣጠር ታኅሣሥ 23 ቀን 1962፣ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ማለት ነው። ቁጥሩ ምንም ይሁን ምን ግድ የለሽም፣ ሁለቱን ስትቀናንሺ የሚቀረው ሰከንድ ነው የሚፈለገው። ባሽሽ 5.0 ወይም ከዛ በላይ ከሆነ ደግሞ ዴትን በየዙሩ መጥራት አያስፈልግሽም፣ ኢፖክሰከንድስ የሚባል ዝግጁ ቫሪያብል (ቁጥር የሚይዝ ስም) አለው፣ ሁሉም በትልልቅ ፊደል ይጻፋል። ኡቡንቱ 20.04 ላይ አለ፣ 18.04 ላይ የለም።

እንዲህ ስታደርጊ ሉፑ ቢዘገይም ግድ የለም። አንዱ ዙር 5 ሚሊሰከንድ ቢባክንበት የሚቀጥለው ዙር ራሱ ሰዓቱን ሲያይ ይታረማል። ላፕቶፑን ዘግተሽ ብትከፍቺውም ያው ነው። ሊኑክስ ላይ ክዳኑ ተዘግቶ ማሽኑ ሲተኛ ስሊፕም አብሮ ይቆማል፣ የተኛበት ጊዜ አይቆጠርለትም፣ ስለዚህ የድሮው ታይመርሽ ካቆመበት ነበር የሚቀጥለው። አዲሱ ግን ሲነቃ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አይቶ ልክ ይሆናል።

እዚህ ጋ ሁለት ወጥመድ አለ፣ ብዙ ሰው ይወድቅበታል። አንደኛው፣ ሉፑን «ቀሪ ዜሮ እስኪሆን» ብለሽ አትጻፊው፣ «ቀሪ ዜሮ ወይም ከዜሮ በታች እስኪሆን» በይው። ስትቆጥሪ ዜሮን ሳትረግጪ አታልፊም፣ በሰዓት ስትሄጂ ግን ልታልፊ ትችያለሽ። ማሽኑ 3 ሰከንድ ሲቀር ተኝቶ ከ10 ደቂቃ በኋላ ቢነቃ ቀሪው ከዜሮ በታች ነው፣ «ዜሮ እስኪሆን» ካልሽው በኔጌቲቭ እየሄደ ዘላለም አይቆምም። ሁለተኛው፣ ስሊፕ 1 ላይ ብትተይው በየ3 ደቂቃው አካባቢ አንድ ቁጥር ሲዘል ታያለሽ፣ ከ14 ቀጥታ ወደ 12። ስህተት አይደለም፣ ያው የ5 ሚሊሰከንዱ ጥርቅም ነው፣ ግን ልጆቹ «ቲቸር ዘለለ!» ይላሉ። ስሊፕ 0.2 አድርጊው። ቁጥሩ ከበፊቱ ካልተለየ ደግሞ እንዳያትመው አንድ ኢፍ ጨምሪበት፣ በቃ።

አሁን ወደ 90ው። ይሄ ቀላል ነው። መስመሩን ለማደስ ባክስላሽ አር ነው የተጠቀምሽው፣ ልክ ነሽ። ስሙ ከጽሕፈት መኪና የመጣ ነው፣ ወረቀቱን የሚይዘው ሲሊንደር ወደ መስመሩ መጀመሪያ ይመለሳል እንጂ የተጻፈው አይጠፋም። ተርሚናሉም እንደዛ ነው። 10 ጽፎ ይመለሳል፣ 9ን አንዱ ላይ ይጽፋል፣ ዜሮው ግን እዛው ተቀምጧል። ስለዚህ 90። ቀጥሎ 80፣ 70 ይልሽ ነበር። መፍትሔው ሁሌም እኩል ስፋት ማተም ነው፣ ፕሪንትኤፍ ላይ ፐርሰንት፣ ዜሮ፣ ሁለት፣ ዲ። ያኔ 9 ሳይሆን 09 ይወጣል። ኤኮን ተዪው፣ ለዚህ ስራ ፕሪንትኤፍ ይሻላል።

ሰዓቱን ለመከፋፈል፣ ቀሪውን ለ3,600 ስታካፍይ ሰዓት፣ ትራፊውን ለ60 ስታካፍይ ደቂቃ፣ ከዛ የተረፈው ሰከንድ። ባሽ ነጥብ የሚባል ነገር አያውቅም፣ ሲያካፍል ሙሉ ቁጥሩን ብቻ ነው የሚሰጥሽ፣ እዚህ ጋ ግን የምንፈልገውም እሱን ነው። ለምሳሌ 5,025 ቢቀር 01:23:45 ይሆናል።

የ08 ነገር ግን በደንብ መታወቅ አለበት፣ ምክንያቱም ኤረር የሚያወጣው ደህናው ነው። ባሽ ስሌት ውስጥ በዜሮ የሚጀምር ቁጥር ካየ በስምንት ቤት የተጻፈ ይመስለዋል። በስምንት ቤት ከ0 እስከ 7 ብቻ ነው ያለው። 07 ሰባት ነው፣ ያልፋል። 08 እና 09 የሉም፣ ስለዚህ ይጮሃል። አደገኛው ግን 010 ነው። አይጮህም። ዝም ብሎ 8 ያደርገዋል፣ አንቺ 10 ደቂቃ የሰጠሽ ይመስልሻል፣ ልጆቹ በ8 ደቂቃ «ወረቀት አስቀምጡ» ይባላሉ። መፍትሔው ከቫሪያብሉ ፊት 10# መጻፍ ነው፣ 10#08 ስትይው በአስር ቤት አንብበው ማለትሽ ነው። ከሰው የምትቀበይው ቁጥር ላይ ሁሉ አድርጊው።

መብራቱ ጋ ደረስን። ስለዚህ ረዘም አድርጌ ነው የምጽፈው፣ ምክንያቱም ደርሶብኛል። ከጥቂት ዓመት በፊት እዚሁ ሐዋሳ አንድ ማሰልጠኛ ውስጥ ለፈተና ታይመር ሰርቼ ነበር። ዝናባማ ከሰዓት ነበር፣ ፈተናው ሊጋመስ ሲል መብራት ሄደ። ሲመለስ ታይመሩ ሙሉ ሰዓት አሳየ። ስንት እንደቀረ የሚያውቅ ሰው ጠፋ፣ ግማሹ ተማሪ «አንድ ሰዓት ቀርቶን ነበር» ይላል፣ ፈታኙ «40 ደቂቃ» ይላል። መጨረሻ ላይ በግምት ተወሰነ። ተማሪዎቹ ተበሳጭተው ነው የወጡት፣ እውነታቸውንም ነበር። ከዛን ቀን ጀምሮ ማብቂያውን ፋይል ላይ ሳልጽፍ ታይመር ሰርቼ አላውቅም።

ቁጥሩን ራሱ ነው የምትጽፊው፣ ሌላ ምንም። ስክሪፕቱ ሲነሳ መጀመሪያ ፋይሉ አለ ወይ ብሎ ያያል። ካለ ማብቂያውን ከዛ ያነባል፣ ከሌለ አዲስ ያሰላና ይጽፋል። ሰዓቱ በሰላም ሲያልቅ ያጠፋዋል። ፋይሉን ግን ቲኤምፒ የሚባለው ፎልደር ውስጥ እንዳታደርጊው፣ ማሽኑ ሲነሳ ሊጸዳ ይችላል። ሆም ፎልደርሽ ውስጥ ይሁን።

አሁን ግን አንድ ነገር መወሰን አለብሽ፣ ይሄን ኮዱ አይወስንልሽም። መብራት የጠፋበት ጊዜ ይቆጠር ወይስ አይቆጠር? ቀን ቢሆን ልጆቹ በመስኮት ብርሃን መጻፋቸውን ይቀጥላሉ፣ ስለዚህ ይቆጠራል፣ ማብቂያው አይነካም። እናንተ ግን ማታ ነው የምትሰሩት። ሲጨልም እጃቸውን አጣጥፈው ነው የሚቀመጡት። ያ ጊዜ ከነሱ ላይ መቆረጥ የለበትም።

ለዚህ ከማብቂያው ጎን ሌላ ቁጥር ያስፈልግሻል፣ «መጨረሻ የታየ» እንበለው። በየ5 ሰከንዱ ስክሪፕቱ አሁን ያለውን ሰዓት እዛ ላይ ይጽፋል፣ «በህይወት አለሁ» እንደማለት። ማሽኑ ጠፍቶ ሲመለስ ሁለቱን ቁጥር አንብቦ እንዲህ ያደርጋል፦

አዲስ ማብቂያ = የድሮ ማብቂያ + (አሁን − መጨረሻ የታየ)

ማታ 12:30 ጀመራችሁ እንበል፣ ማብቂያው 2:30 ነው። 1:10 ላይ መብራት ሄደ፣ 1:35 ላይ ተመለሰና ታይመሩን አስነሳሽው። የጠፋው 25 ደቂቃ ነው፣ አዲሱ ማብቂያ 2:55 ይሆናል። ሲጠፋ 80 ደቂቃ ቀርቷቸው ነበር፣ ሲመለስም 80 ደቂቃ አላቸው። ቢበዛ 5 ሰከንድ ይጨመርላቸዋል፣ ያቺ ትመረቅላቸው። አንድ ነገር ብቻ አስጠንቅቂያቸው፣ አምፖሉ ስለበራ ብቻ መጻፍ እንዳይጀምሩ። ላፕቶፑ እስኪነሳ ሁለት ሦስት ደቂቃ ይፈልጋል፣ ቲቪው ላይ ቁጥሩ ሲታይ ነው የሚጀመረው።

ሲጻፍም ጥንቃቄ አለው። ቀጥታ ፋይሉ ላይ ስትጽፊ መጀመሪያ ባዶ ይሆናል፣ ከዛ ነው ቁጥሩ የሚገባው፣ በዛች ቅጽበት መብራት ከሄደ የሚቀርሽ ባዶ ፋይል ነው። ስለዚህ ሌላ ስም ያለው ፋይል ላይ ጻፊ፣ ሲንክ በይ (የተጻፈው ዲስኩ ላይ እንዲቀመጥ)፣ ከዛ ኤምቪ በሚለው ትዕዛዝ ዋናው ስም ላይ አዛውሪው። ያኔ ወይ የድሮው ቁጥር ይኖርሻል ወይ አዲሱ፣ ግማሽ የሚባል ነገር አይኖርም።

አሮጌ ማሽን ላይ ሌላ ጉድ አለ። ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ክብ የ3 ቮልት ባትሪ ከሞተች ኮምፒውተሩ ሙሉ በሙሉ ሲጠፋ ሰዓቱንም ይረሳል። ሲነሳ ከዓመታት በፊት ያለ ቀን ያሳይሻል፣ ኢንተርኔት ሲያገኝ ይስተካከላል። ታይመርሽ በሰዓት የሚሄድ ስለሆነ ይሄ ይጎዳዋል። ስክሪፕቱ ሲነሳ «አሁን» ከ«መጨረሻ የታየ» ካነሰ ሰዓት ወደ ኋላ ሄዷል ማለት ነው፣ ያ ደግሞ ሊሆን አይችልም፣ ስለዚህ ቆሞ «ሰዓቱን አስተካክዪ» ይበልሽ እንጂ ዝም ብሎ እንዳያሰላ። ባትሪዋ 2032 ነው የምትባለው፣ ሰዓት ሰሪዎች ጋ ትገኛለች። ላፕቶፕ ላይ ግን ከሽቦ ጋር የተያያዘች ልትሆን ስለምትችል ሳትገዢ በፊት ክፈቺና እዪ።

አንድ ቀን «እስከ 2 ሰዓት ተኩል» ብለሽ መስጠት ያምርሻል። ዴት ይሄን ይችላል፣ ዳሽ ዲ ብለሽ ሰዓቱን በጥቅስ ውስጥ ስትሰጪው የዛን ሰዓት ሰከንድ ያወጣልሻል። ኮምፒውተሩ ግን የኛን አቆጣጠር አያውቅም። 2:30 ስትይው በሱ ቤት ከሌሊቱ 8 ሰዓት ተኩል ነው፣ ያ ደግሞ ካለፈ ቆይቷል። ከምሽቱ 12:30 ላይ ብትሞክሪው ቀሪው ከዜሮ በታች 57,600 ይሆናል፣ ታይመሩ ሳይጀምር ያልቃል። የቀን ሰዓት ከሆነ 6 ደምሪ፣ ማታ ከ1 ሰዓት እስከ 5 ሰዓት ከሆነ 18። ማታ 2:30 ስለዚህ 20:30 ነው።

የቀሩትን ቶሎ ቶሎ ልበል። ከርሰሩ ቁጥሩ ላይ ሲርገበገብ ያስጠላል፣ ቲፑት ሲቪስ ደብቂው፣ ስትጨርሺ ቲፑት ሲኖርም መልሺው። ኮንትሮል ሲ ተጭነሽ ስትወጪም እንዲመለስ ትራፕ (ስክሪፕቱ ሲቋረጥ ምን እንደሚሰራ የሚነግረው ትዕዛዝ) ተጠቀሚ። እዛው ትራፕ ውስጥ ፋይሉን አጥፊው፣ አንቺ አውቀሽ ያቆምሽው ታይመር ነገ መቀጠል የለበትም። መብራት ሲጠፋ ግን ትራፕ የመስራት ዕድል የለውም፣ ፋይሉ እዛው ይቆያል፣ እኛም የምንፈልገው ይሄንኑ ነው። ለድምጽ ባክስላሽ ኤ አለ፣ ብዙ ተርሚናል ላይ ግን ተዘግቷል፣ አንድ አጭር ዋቭ ፋይል አስቀምጪና ኤፕሌይ በሚለው አጫውቺው። ድምጹ በላፕቶፑ ይውጣ በቲቪው ቀድመሽ አረጋግጪ። ቁጥሩ ከኋላ ለተቀመጠ እንዲታይ ኮንትሮልና ፕላስ እየተጫንሽ ፊደሉን አሳድጊ።

ስትሞክሪው 2 ሰዓት አትጠብቂ። 15 ሰከንድ ስጪውና ከ10 ወደ 9 ሲያልፍ እዪ። 75 ስጪውና ደቂቃው ሲቀየር እዪ። 08 እና 010 ስጪው። ከዛ የድሮውን ስክሪፕት 600 ሰከንድ ሰጥተሽ ከፊቱ ታይም የሚለውን ትዕዛዝ አስቀድመሽ አስኪጂው፣ ወደ 603 አካባቢ ያወጣልሻል፣ አዲሱ ግን 600 ላይ ነው የሚቆመው። መጨረሻ ላይ ልጆቹ በሌሉበት ቀን የ10 ደቂቃ ታይመር አስጀምሪ፣ ስንት ላይ እንደሆነ ወረቀት ላይ ጻፊና የላፕቶፑን ገመድ ከሶኬቱ ንቀዪው። 3 ደቂቃ ቆይተሽ መልሺው። ከወረቀቱ ጋር የማይገናኝ ቁጥር ካወጣ ፋይሉ ውስጥ ያሉትን ሁለት ቁጥሮች እንዳሉ ላኪልኝ፣ አብረን እናየዋለን።